ገመዱን የቆረጠው ሰው

አባቴ ሰው ገድሏል ብዬ ያመንኩት የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለሁ፣ ደራ አጠገብ፣ በአንድ የሞቱ ደራሲ ግቢ ውስጥ ነው። ሰው ነግሮኝ አይደለም። ራሱ ሲናገር በጆሮዬ ሰምቼ ነው። ከዚያ በኋላ ብዙ ወራት ይህን በሆዴ ይዤ ከእሱ ጋር በላሁ፣ ከእሱ ጋር በአንድ በቅሎ ተቀመጥኩ፣ ሲስቅም አብሬው ሳቅሁ። አልጠላሁትም። ዛሬ ሳስበው የሚገርመኝ ይኸው ነው።

ያኔ አዳማ ናዝሬት የሚል ስም ገና አልወጣላትም። ባቡር ጣቢያው አለ፣ ከጣቢያው ፊት ለፊት የዓረቡ ሱቅ አለ፣ ከዚያ ወዲያ አቧራና ግራር ነው። አባቴ ጂብሪል ይባላል፤ በቅሎ ያከራያል። በባቡር መጥቶ ወደ አርሲ መሻገር የሚፈልግ ሰው ገና ከፉርጎው ሲወርድ «ጂብሪል አንካሳው የታለ?» ብሎ ይጠይቃል። አባቴ አንካሳ መባሉን ከቁም ነገር አይቆጥረውም ነበር። ግራ እግሩ ከጉልበቱ በታች ወደ ውጭ ተጣሟል፤ ሲቆም ክብደቱን በቀኙ ላይ ጥሎ፣ ግራውን እንደ ተውሶ ዕቃ ራቅ አድርጎ ያሳርፈዋል። እንዴት እንደተሰበረ ስጠይቀው «በልጅነቴ ሞኝ ነበርኩ» ይለኛል። እኔም ከዛፍ ወድቆ ይሆናል ብዬ ተውኩት።

አንድ ጠባይ ግን ነበረው። ወደ አለቃ ወልደአማኑኤል ቤት የሚሄድ እንግዳ ሲመጣ በቅሎዎቹን ለሌላ ሰው ሰጥቶ ይልካል እንጂ እሱ አይሄድም። እግሬን አሞኛል ይላል። በዚያው ሳምንት ግን ከደራ የሚርቅ አገር ሄዶ ይመለሳል።

አለቃ ወልደአማኑኤል ማን እንደሆኑ በዚያ ዘመን ለአዳማ ሰው መንገር አያስፈልግም። ከሸዋ ደጋ ወርደው፣ ቆላውን ከአዋሽ እስከ ሐይቆቹ ዞረው፣ ያዩትን በመጽሐፍ የጻፉ ሰው ናቸው። መጽሐፉ አዲስ አበባ ታትሞ ከወጣ በኋላ ማንበብ የማይችለው ሰው እንኳ ግማሹን በቃሉ ያወራው ነበር፤ በእኛ ቤት ግን አይወራም። እሳቸው ከሞቱ ጥቂት ዓመት ሆኗል። ባለቤታቸው ወይዘሮ ሸዋወርቅ ግን ቤቱን እሳቸው እንደተዉት አድርገው ይጠብቁታል ይባል ነበር፤ መነጽራቸውም፣ ጋቢያቸውም፣ ብዕራቸውም ከቦታው አልተነሣም። ይህን ለማየት ሰው ከአዲስ አበባ ድረስ ይመጣል።

በጥር ወር አንድ ቀን አቶ ገብረወልድ የሚባሉ እንግዳ ከባቡር ወረዱ። ባርኔጣ ያደረጉ፣ ጥቁር ጃንጥላ የያዙ፣ ማተሚያ ቤት የሚሠሩ ሰው ናቸው። የአለቃ መጽሐፍ እንደገና ሊታተም ስለሆነ ቤቱን አይቼ፣ ባለቤታቸውን አነጋግሬ ልመለስ ብለው ነው የመጡት።

«ሰው ስጠኝና ደራ ያድርሰኝ» አሉት አባቴን።

አባቴ የበቅሎዋን የኮርቻ ጠፍር ሲያጠብቅ ቆየና «እኔው አደርስዎታለሁ» አለ።

ማታ እናቴ ፋዲላ የወተት ዕቃ ታጥን ነበር። አባቴ ከምድጃው አጠገብ ቁጭ ብሎ የተጣመመውን እግሩን ያሻል። እኔ የተኛሁ መስያቸዋለሁ።

«አሁንማ ለማን ትጠነቀቃለህ?» አለችው። «እሷ እንደሆነች ዐርፋለች።»

«የምጠነቀቅለት የለም። መስማት ነው የምፈልገው።»

«ምኑን?»

«እንዴት አድርገው እንደጻፉት።»

እናቴ ጭሱ እንዳይወጣ የዕቃውን አፍ በመዳፏ ከደነች። «ሂድና ስማው እንግዲህ። ልጅቷንም ይዘሃት ሂድ። መቃብሩን ትየው።»

ዐረፈች የተባለችው በኅዳር ጅብ የበላት ግራጫ በቅሏችን መሰለችኝ። መቃብሩም የአለቃ ነው አልኩ። አባቴ ለበቅሎ እንደዚያ ማዘኑ አልገረመኝም፤ እኔም አልቅሼላት ነበር።

በማግስቱ ፀሐይ ሳትበረታ ተነሣን። አቶ ገብረወልድ በሰጋሯ በቅሎ ላይ፣ እኔና አባቴ በሌላዋ ላይ ሆነን ወደ አዋሽ ወረድን። በጋ ስለሆነ ውሃው ቀሎ፣ ከድንጋይ ድንጋይ እያለ ይሄዳል። መልካው ዳር ስንደርስ አቶ ገብረወልድ ከበቅሎ ወርደው ባርኔጣቸውን አወለቁ።

«አንቺ ልጅ፣ ይህ ቦታ ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ?»

«መልካ ነው» አልኳቸው። «ከብት የሚሻገርበት።»

«ወዬሳ የሞተበት ነው» አሉ።

ከዚያ ነገሩኝ። አለቃ ቆላውን ሲዞሩ ወዬሳ የሚባል የዚህ አገር ሰው መንገድ ይመራቸው ነበር። አንድ ክረምት፣ ወንዙ ሞልቶ፣ ሁለቱ ወገባቸውን በአንድ ገመድ ታስረው ሊሻገሩ ገቡ። ውሃው ጠለፋቸው። አለቃ የአንድ ግራር ሥር ያዙ። ወዬሳ ከእሳቸው በታች በገመዱ ጫፍ ተንጠለጠለ። ሥሩ ሁለት ሰው የሚችል አልነበረም። ያን ጊዜ ወዬሳ ቢላውን መዝዞ ገመዱን በገዛ እጁ ቆረጠ።

ወዬሳን በዚያች ደቂቃ ወደድኩት። ፊቱን ሳይቀር ሠራሁለት፤ ረጅም፣ ቀጥ ያለ፣ ጥርሰ ነጭ አደረግሁት።

«ለምን አልዋኘም?» አልኩ።

አባቴ በቅሎዎቹን ያጠጣ ነበር። ሳይዞር «ግንድ መትቶት ነው» አለ። «እግሩን።»

አቶ ገብረወልድ ቀና አሉ። «ይህ በመጽሐፉ የለም። ከየት ሰማኸው?»

«ይባላል» አለ አባቴና በቅሎዋን ሳባት።

የአለቃ ግቢ ከደራ ወዲህ፣ ቁልቁል ሸለቆውን የሚያይ ተረተር ላይ ነው። አጥሩ ቅንጭብ ነው። መሀል ላይ ትልቅ የሣር ክዳን ቤት፣ ጥግ ላይ አንዲት ትንሽ ጎጆ፣ ከጎጆዋ ወዲያ አንድ ዋርካ አለ። ወይዘሮ ሸዋወርቅ ከደጃፍ ተቀበሉን። ቀጭን፣ ፀጉራቸውን በጥቁር ሻሽ ያሰሩ፣ ድምፃቸው ከሰውነታቸው የሚበልጥ ሴት ነበሩ። አቶ ገብረወልድን በደንብ ሰላም አሏቸው። ወደ አባቴ ሲዞሩ ግን አፋቸው ተከፍቶ ቀረ። ከዚያ ዘጉት። «ደክሞሃል፤ ግባ» አሉት ብቻ። ሴትዮዋ እስላም እንግዳ አይወዱም ብዬ ገመትኩ።

ውስጡ ቀዝቀዝ ያለ ነው፤ የቆዳና የንብ ሰም ይሸታል። ከመስኮቱ ሥር ዝቅተኛ ጠረጴዛ አለ። በላዩ ላይ መነጽር፣ የቀለም ቀንድ፣ ጫፉ የተቀረጸ የመቃ ብዕር፣ ግማሽ የነደደ ጧፍ። መደቡ ላይ ጋቢ ተጣጥፎ ተቀምጧል። ወይዘሮ ሸዋወርቅ ጫማ ያስወልቃሉ፤ ምንም ነገር አያስነኩም። አቶ ገብረወልድ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው እንደ ቤተ ክርስቲያን ቀስ እያሉ ይሄዳሉ። እኔን ግን ጠረጴዛው አልማረከኝም። ግድግዳው ላይ አንድ ጦር ተሰቅሏል፤ እጀታው በእጅ ብዛት ጠቁሯል፤ ነጭ ነጠላ ተጠምጥሞበታል።

«የማን ነው?» አልኩ።

«የወዬሳ» አሉ ወይዘሮ ሸዋወርቅ። ሲመልሱልኝ ዓይናቸው እኔ ላይ አልነበረም።

የቤቱ ልማድ እንግዳ ሁሉ ከመጽሐፉ ጥቂት እንዲያነብ ነው። ባለቤቲቱ ምንጣፍ ላይ ተቀምጠው ይሰማሉ። አቶ ገብረወልድ መጽሐፉን ከፍተው የትኛውን ላንብብ አሉ። አባቴ ከመቃኑ ተደግፎ ቆሞ ነበር።

«የወንዙን ያንብቡልን» አለ።

እሳቸው አነበቡ። ድምፃቸው ያማረ ነበር፤ ያን ገጽ እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

«እኔ በግራሩ ሥር ተንጠልጥዬ፣ እሱ በገመዱ ጫፍ ሆኖ ውሃው ሲያንገላታን ቆየ። የሁለታችን ክብደት ሥሩን ሊነቅለው ሆነ። ያን ጊዜ ወዬሳ ቀና ብሎ አየኝ። ቢላውን ከወገቡ መዘዘ። ‹አለቃ፣ እርስዎ ገና የሚጽፉት አለ› አለኝና ገመዱን ቆረጠው። ውሃውም ወሰደው።»

እኔ እያለቀስኩ ነበር።

«ይድገሙልኝ» አለ አባቴ።

አቶ ገብረወልድ ትንሽ ደነገጡ፤ በቅሎ አከራይ እንዲህ ሲጠይቅ አልለመዱም። ግን ደገሙለት። አባቴ ጭንቅላቱን ዝቅ አድርጎ ሰማ። ሲያልቅ «ጥሩ አድርገው ጽፈዋል» አለ። ወይዘሮ ሸዋወርቅ መጽሐፉንም አንባቢውንም አላዩም፤ የሚያዩት የአባቴን የተጣመመ እግር ነበር።

ለምሳ ለእንግዳው ዶሮ ቀረበ። እኛ የእነሱን ሥጋ ስለማንበላ ለእኔና ለአባቴ ማር በወተት ሰጡን። ወይዘሮ ሸዋወርቅ በጨዋታ መካከል የወዬሳ እናት በዚያች በትንሿ ጎጆ ይኖሩ እንደነበር ተናገሩ። አለቃ «ልጃቸው ስለ እኔ ሞተ» ብለው መሬት ሰጥተዋቸው፣ እንደ እናታቸው ጦረዋቸው ነበር፤ አሮጊቷ ያረፉት ባለፈው ነሐሴ ነው። ክርስትና ስላልተነሡ ከዋርካው ሥር ተቀበሩ።

«ሌላ ወገን የለውም?» አሉ አቶ ገብረወልድ። «ወንድም፣ ልጅ? የወዬሳን ወገን ሳላገኝ አዲስ አበባ አልመለስም ብዬ ነው የመጣሁት።»

ማሩን መጠጣት ተውኩ። በእናቴ አገር የሟችን ወገን የሚፈልግ ሰው ሲመጣ ነገሩ ደም ነው፤ ገዳዩ ይፈለጋል ማለት ነው። አቶ ገብረወልድ ግን በአዲሱ መጽሐፍ መጨረሻ ስማቸውን ሊያትሙላቸው ነበር የፈለጓቸው።

አባቴ እጁን ታጥቦ መቃብሩን ለማየት ፈቃድ ጠየቀ። ትንሽ ቆይተው ወይዘሮ ሸዋወርቅ ተከተሉት። እኔም ወዲያው እንደ ማንኛውም ልጅ እንሽላሊት ሳባርር ከዋርካው ጀርባ ደረስኩ። የዋርካው ሥር እንደ ግድግዳ ነው፤ አይታዩኝም፣ አያዩኝም። ነፋሱ ቅጠሉን ሲያናውጠው ግማሹ ንግግራቸው ይጠፋብኛል።

«…ከደጃፍ ስትገባ ነው ያወቅሁህ» ይላሉ እሳቸው። «እግዚአብሔር ያሳይህ፤ እንደዚያ ቆመህ…»

ነፋስ።

«…ሊሞቱ ሲሉ ነገሩኝ። ማን እንደቆረጠው አውቃለሁ።»

«ገመዱን የቆረጥኩት እኔ ነኝ፣ እሜቴ» አለ አባቴ።

«አትዋሸኝ።»

«እኔ ነኝ የቆረጥኩት። ይህን ሁሉ ዘመን ደብቄው የኖርኩትም እኔ ነኝ።»

ከዚያ ወይዘሮ ሸዋወርቅ አለቀሱ። ያ ትልቅ ድምፅ እንደ ልጅ ቀጠነ።

እንሽላሊቷን ረሳኋት። ወዬሳ፣ ያ ጥርሰ ነጩ ወዬሳ፣ ራሱ አልቆረጠውም። አባቴ ነው የቆረጠበት። ለዚህ ነው ወደዚህ ቤት የማይመጣው። ለዚህ ነው ግንዱን የሚያውቀው፤ እዚያው ነበር። እነሆ አሁን ባርኔጣ ያደረገ ሰው የሟቹን ወገን ሊፈልግ መጥቷል። ነፍሰ ገዳይ ከከሳሹ ጋር በአንድ ሰንሰለት ታስሮ በአዳማ ጣቢያ ሲያልፍ አይቻለሁ። እግሩ ጤነኛ የሆነ ሰው እንኳ በሰንሰለት ሲሄድ ይወላከፋል።

ወደ ቤቱ ሮጥኩ። አቶ ገብረወልድ ከበረንዳው ላይ መነጽራቸውን በመሐረብ ይጠርጋሉ። ፊታቸው ቆምኩ።

«አባቴ ቢላ የለውም» አልኳቸው።

«እንዴት?»

«ቢላ የለውም። ኖሮትም አያውቅም። የመጣው ከሐረር ነው። በዚያ ዓመት እዚህ አገር አልነበረም። ዋናም አይችልም።»

ይህን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ፣ ዓይናቸውን እያየሁ ነው የተናገርኩት። በውሸቴ ኮርቼበት ነበር፤ አሁንም ትንሽ እኮራበታለሁ። አቶ ገብረወልድ መነጽራቸውን አደረጉና ለረጅም ጊዜ አዩኝ።

«በየትኛው ዓመት?» አሉ።

መልሴን አልጠበቁም። ተነሥተው ወደ ዋርካው ሄዱ። ልከተል ስል አባቴ ከሩቅ አይቶኝ «ቡዜ፣ በቅሎዎቹ ጋ ቁሚ» አለኝ። ቆምኩ። ከዚያ ሆኜ ድምፅ አይሰማኝም፤ የማየው ብቻ ነው።

ወይዘሮ ሸዋወርቅ አባቴን በእጃቸው አመለከቱ፤ አንድ ሁለት ቃል ተናገሩ። አቶ ገብረወልድ እንደ ግንድ ቆሙ። ከዚያ ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ ጎንበስ ብለው፣ መሬት እስኪነኩ ድረስ ለአባቴ እጅ ነሡ። አባቴ ክንዳቸውን ይዞ አነሣቸው። ከዚያ ክርክር ሆነ። ሴትዮዋ በመዳፋቸው ደረታቸውን ይመታሉ፤ አባቴ ራሱን ይነቀንቃል፤ እንግዳው በመካከል ቆመው አንዴ እሱን፣ አንዴ እሳቸውን ያያሉ። አባቴ በመጨረሻ ሁለት እጁን ዘርግቶ ዝቅ አደረገ፤ እሺ ማለቱ ነው።

ወይዘሮ ሸዋወርቅ ወደ ቤት ገብተው ጦሩን ይዘው ወጡ። ነጠላውን ፈቱለት። በሁለት እጃቸው ለአባቴ ሰጡት፤ እሱም ጎንበስ ብሎ በሁለት እጁ ተቀበለ።

ያን ጊዜ ነገሩ ገባኝ። በእናቴ ወገኖች ቀዬ ጉማ ሲወጣ አይቻለሁ። የገዳይና የሟች ወገን ፊት ለፊት ይቀመጣል፤ ሽማግሌ መካከል ይቆማል፤ ይለቀሳል፤ ይካሰሳል፤ በመጨረሻ እጅ ለእጅ ተያይዞ ደሙ ይደርቃል። አባቴ ታርቋል። ማንም በሰንሰለት አያስረውም። ከበቅሎዋ እግር ሥር ቁጭ አልኩ።

ስንመለስ አቶ ገብረወልድ አባቴን «እርስዎ ይቅደሙ» አሉት። ጠዋት አንተ ያሉትን ሰው ማታ እርስዎ አሉት። ይህም የዕርቁ ሥርዓት ይሆናል አልኩ።

ቤት ስንደርስ እናቴ ጦሩን አየችና ምንም አልጠየቀችም። ከበሩ ኋላ አቆመችው። «ሰማኸው?» አለችው።

«ሰማሁት።»

«እንዴት ነው?»

«ከእኔ የተሻለ ሰው ነው» አለ አባቴ።

እናቴ ሳቀች። እኔ መሳቋ አስከፋኝ፤ ሟች ከገዳዩ ቢሻል ምን ያስቃል?

እስከ ክረምቱ መውጫ እንዲህ አሳለፍኩት። አባቴ ሥጋ ሲቆርጥ ቢላውን አያለሁ። ገመድ ሲጎነጉን እጁን አያለሁ። አንድ ቀን ለወዬሳ ዱዓ አድርግለት ብዬው «ለማን?» ብሎ አፈጠጠብኝ፤ ከዚያ «አደርግለታለሁ» አለኝ። ደራ ገበያ ስንሄድ ድሮ ከጨው ነጋዴዎቹ አጠገብ ተቀምጣ ገብስ ቆሎ የምትሰጠኝን፣ ፊቴን በመዳፏ የምትዳብሰኝን አሮጊት ፈለግኋት። አኮ ነበር የምላት፤ አኮ ማለት አያት ማለት ነው፤ በእኛ አገር ልጅ አሮጊት ሴትን ሁሉ አኮ ይላል። «ሩቅ አገር ሄዳለች» ነበር የተባልኩት።

በመስከረም የታተመው መጽሐፍ በባቡር መጣ። አቶ ገብረወልድ ጥቂቱን ለጣቢያው ሰዎች ልከው ኖሯል። የጣቢያው ጸሐፊ ባቡር እየጠበቀ ለተሰበሰበው ሰው ጮክ ብሎ ያነብ ጀመር፤ ሰው ሁሉ የሚያውቀውን፣ የወንዙን። አባቴ በቅሎዎቹን ይዞ በግራሩ ጥላ ቆሟል፤ እኔ አጠገቡ ነኝ። ገጹ አለቀ። ጸሐፊው ገለጠና «እዚህ ላይ አዲስ ነገር አለ» አለ።

«እኔ የአለቃ ወልደአማኑኤል ባለቤት ሸዋወርቅ ይህን አስጽፌያለሁ። ባለቤቴ ሊሞቱ ሲሉ እጄን ይዘው፣ ገመዱን የቆረጡት እሳቸው እንደሆኑ ነግረውኛል። ፈርተው ነው። እንደዚያ ብለው መጻፍ ግን አልቻሉም። ወዬሳ አልሞተም። ውሃው እግሩን ሰብሮ ከታች አወጣው፤ ያዳኑት ሰዎች ስምና ሃይማኖት ሰጡት፣ ሚስትም ሰጡት። ዛሬ በአዳማ በባቡር ጣቢያው ፊት በቅሎ ያከራያል። ቤቴ መጥቶ ‹ገመዱን የቆረጥኩት እኔ ነኝ› አለኝ። ለባለቤቴ ክብር ብሎ ዋሸ። እኔ ግን ውሸቱን እንደ ዕቃ አቧራውን እየጠረግሁ ስጠብቅ ኖሬያለሁ፤ ይበቃኛል።»

አባቴን ቀና ብዬ አየሁት። ረጅም አልነበረም፤ ቀጥ ያለም አልነበረም፤ የፊት ጥርሱም አንዱ ወልቋል።

የቀረውን በዚያ ሳምንትና ከዚያም በኋላ በነበሩት ዓመታት ከራሱ ሰማሁ። እግሩ ጠግኖለት በምርኩዝ መሄድ እንደቻለ ወደ አለቃ ግቢ ተመልሶ ነበር፤ አለሁ ሊል። ከቅንጭቡ አጥር ውጭ ሲደርስ ግቢው በሰው ሞልቷል። የራሱ ተዝካር ነው። እናቱ ነጭ ለብሳ ከፊት ተቀምጣለች። አለቃ እንደ ሕፃን እያለቀሱ፣ ሰው ሁሉ በሰማበት፣ ይህ መሬት ለወዬሳ እናት ይሁን አሉ። «ብገባ ምን ልበል?» አለኝ አባቴ። «አለሁ ስል እንዴት ተረፍክ ይሉኛል። እንዴት እንደተረፍኩ ስናገር ማን እንደቆረጠው ይጠየቃል። እሳቸው ያፍራሉ፤ እናቴ መሬቷን ታጣለች። እናም ዞርኩ።» እናቱን በገበያ ቀን አገኛት። ምስጢሩን አብራው ያዘች፤ በየገበያው እኔን እያመጣ ያሳያት ነበር። አኮን አኮ ስላት እውነቴን ኖሯል።

ጉማ መሆኑን ግን አልተሳሳትኩም። ዕርቅ ነበር። በዳዩንና ተበዳዩን ብቻ ነው ያለዋወጥኳቸው። ካሣ የወጣው ከዚያ ቤት ወደ አባቴ ነው፤ በዳዩ በሕይወት ስለሌሉ ሚስታቸው ከፈሉላቸው።

መጽሐፉ በወጣ ጊዜ ብዙ ትልልቅ ሰዎች በወይዘሮ ሸዋወርቅ ተቆጡ። የባሏን ስም አፈረሰች ተባለ። አንዳንዱ ወደዚያ ቤት መሄድ ተወ። እሳቸው ግን ቤቱን መጠበቅ አልተዉም። ጠረጴዛውን ለሚያይ ሰው «እዚህ ቁጭ ብለው ሌላውን ሁሉ እውነት ጻፉ፤ አንዷን ግን ፈሩ» ይሉ ነበር። ጦሩ ተሰቅሎበት የነበረውን ችንካር ባዶውን ያሳያሉ። በኋላ ጣሊያን ሲገባ ግቢው ተቃጠለ፤ መነጽሩም ብዕሩም አብረው ሄዱ። ዋርካው አለ።

ያን ቀን ጣቢያው ላይ ግን ጸሐፊው ንባቡን ሲጨርስ ሰው ሁሉ ወደ ግራሩ ዞረ። ባቡሩ ከሞጆ በኩል ሲያፏጭ ይሰማል። መጥቶ ቆመ፤ ሰው ወረደ፤ ከወረዱት አንዱ፣ ካኪ የለበሰ ወጣት፣ ያን አዲሱን መጽሐፍ በብብቱ ይዟል። ባቡር ውስጥ ሲያነበው መጥቶ ኖሯል። ግራ ቀኝ አየና ለሁሉም እንዲሰማ ጠየቀ።

«ወዬሳ የሚባለው ሰው የት ነው የሚገኘው?»

አባቴ የበቅሎዋን ልጓም ለእኔ ሰጠኝ። በተጣመመው እግሩ ወደ ፊት ሄደ።

«እኔ ነኝ» አለ። «በቅሎ ፈልገው ነው?»